አዲስነትን ከድምፅ ወደ ሰው፤ የ«ሎነሪዝም» አልበም ሂሳዊ አቀባበል

መግቢያ

ቴም ኢምፓላ በሚል ስም የሚታወቀው የአውስትራሊያ የሙዚቃ ቡድን «ሎነሪዝም» የተሰኘውን ሁለተኛ አልበሙን ያወጣው በኦክቶበር 2012 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አልበሙ የተደረገለት አቀባበል እጅግ ከፍ ያለ ነበር። በወቅቱ ሳምንታዊ የነበረው የእንግሊዙ መጽሔት ኤንኤምኢ የዓመቱ ምርጥ አልበም ብሎ ሰየመው። የአሜሪካው የሙዚቃ ሂስ ኅትመት ፒችፎርክ ከ10 ነጥብ 9.0 ሰጠው። የልዩ ልዩ ሐያስያንን ነጥብ አሰባስቦ አማካይ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ደግሞ ከ100 88 መዘገበለት። በቀጣዩ ዓመት በአውስትራሊያው የአሪያ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ አልበም፣ ምርጥ የሮክ አልበምና ምርጥ ቡድን የሚሉትን ሽልማቶች አስገኘ። በ2014 ዓ.ም. በተካሄደው የግራሚ ሥነ ሥርዓትም በምርጥ አማራጭ ሙዚቃ አልበም ዘርፍ ለመጨረሻው ዙር በዕጩነት ቀርቧል።

ሂሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያነብ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። የአልበሙ አጠቃላይ ቃና የ1960ዎቹን መጨረሻ እንደሚያስታውስ፣ የዘፋኙ ድምፅም የጆን ሌነንን እንደሚመስል ያልጠቀሰ ሂስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይህ ንጽጽር በሚያደንቁትም በሚነቅፉትም ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል። ያለፈውን መምሰል በዘመናዊ የሙዚቃ ሂስ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጉድለት የሚቆጠር ከሆነ፣ ትናንትን በዚህ መጠን የሚያስታውስ ሥራ እንዴት የዓመቱ ምርጥ ሊባል ቻለ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። መከራከሪያው በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ ሐያስያኑ አልበሙን ከድግግሞሽ ክስ ነፃ ያወጡት አዲስነትን ከድምፁ ላይ አንሥተው በሠሪው ሰው ላይ በማስቀመጥ ነው። አሮጌ የሚመስለው ድምፅ የአንድ ብቸኛ ወጣት የውስጥ ዓለም መግለጫ ሆኖ ሲተረጎም፣ መመሳሰሉ ጥያቄ መሆኑ ቀረ። ይህ አተረጓጎም አልበሙን ጠቅሟል፤ ሆኖም ድምፁ በራሱ ምን እንደሠራ ሳይመረመር እንዲታለፍ፣ አብረው የሠሩ ሰዎችም ከታሪኩ ጠርዝ ላይ እንዲቀሩ አድርጓል።

የአቀባበሉ ማዕቀፍ

የአንድን ሥራ አቀባበል ለማጥናት የጀርመናዊው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ የሃንስ ሮበርት ያውስ እሳቤ ጠቃሚ መነሻ ይሆናል። ያውስ በ1967 በኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው የመክፈቻ ንግግር፣ ማንኛውም ሥራ ወደ ተደራሲው የሚደርሰው በባዶ ሜዳ ላይ እንዳልሆነ አስረድቷል። ተደራሲው ቀደም ሲል ካነበባቸው፣ ከሰማቸውና ከለመዳቸው ሥራዎች የተገነባ የመጠበቅ አድማስ አለው። ሥራው ይህን አድማስ ሊያረካ፣ ሊያሰፋ ወይም ሊያፈርስ ይችላል፤ ዋጋውም በከፊል የሚለካው በአድማሱና በሥራው መካከል ባለው ርቀት ነው። በዚህ መለኪያ ከተሄደ፣ ተደራሲው አስቀድሞ የሚያውቀውን ድምፅ ይዞ የሚመጣ ሥራ ከመነሻው በጥርጣሬ ዓይን የሚታይ ነው።

«ሎነሪዝም» በወጣበት ጊዜ ይህ ጥርጣሬ ስም ነበረው። እንግሊዛዊው ሐያሲ ሳይመን ሬይኖልድስ በ2011 ባሳተመው «ሬትሮማኒያ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የፖፕ ባህል የራሱን የቅርብ ጊዜ ታሪክ መልሶ መላልሶ በመጠቀም ሱስ ተይዟል ሲል ተከራከረ። እንደ ሬይኖልድስ አስተሳሰብ፣ የ1960ዎቹ ሙዚቀኞች ወደ ፊት ይመለከቱ ነበር፤ የእነርሱን ድምፅ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚደግም ሰው የሚወርሰው ቅርጹን እንጂ ወደ ፊት የማየት መንፈሱን አይደለም። መጽሐፉ በሐያስያን ዘንድ ሰፊ ውይይት ስላስነሣ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ስለ «ሎነሪዝም» የጻፈ ሰው ይህን ክርክር ሳያውቅ ጽፏል ማለት ያስቸግራል።

ሦስተኛው እሳቤ የስቬትላና ቦይም ነው። ቦይም በ2001 በወጣው የናፍቆት የወደፊት ዕጣን በሚመለከት መጽሐፏ ሁለት ዓይነት ናፍቆቶችን ለይታለች። አንደኛው ያለፈውን እንደነበረ መልሶ ለመገንባት የሚጥር ነው። ሁለተኛው ያለፈው እንደማይመለስ ዐውቆ፣ በርቀቱ ላይ የሚያሰላስል ነው። እዚህ ላይ «ናፍቆት» የሚለውን ቃል የመረጥሁት «ትዝታ» በአማርኛ ከስሜትነቱ በተጨማሪ የቅኝትና የዘፈን ስም በመሆኑ፣ የቦይምን እሳቤ ከራሱ ትርጉም ጋር እንዳያደባልቀው በማሰብ ነው።

ሳይኬደሊክ ፖፕና ተደጋጋሚ ትንሣኤው

ክርክሩን ለመከተል የዘውጉን መነሻ ማየት ያስፈልጋል። «ሳይኬደሊክ» የሚለውን ቃል የፈጠረው በ1956 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሃምፍሪ ኦዝመንድ ሲሆን፣ ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደና አእምሮን የሚገልጥ የሚል ፍቺ ያለው ነው። ቃሉ ከአሥር ዓመት በኋላ ከሕክምና ወደ ሙዚቃ ተሻገረ። በ1966 የቴክሳሱ ሠርቲንዝ ፍሎር ኤሌቬተርስ ቡድን በመጀመሪያ አልበሙ ርእስ ላይ ተጠቀመበት፤ በዚያው ዓመት ቢትልስ «ሪቮልቨር»ን አወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የፒንክ ፍሎይድ የመጀመሪያ አልበም ተከተለ።

የዚህ ሙዚቃ መለያ ባሕርይ ከዜማው ይልቅ በድምፅ ቀረጻ ላይ የተደረገው ለውጥ ነው። ስቱዲዮ መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎችን ድምፅ እንዳለ የሚያስቀር ክፍል መሆኑ ቀርቶ፣ ራሱ እንደ መሣሪያ የሚጫወቱበት ስፍራ ሆነ። ለምሳሌ በ1966 በለንደኑ የኢኤምአይ ስቱዲዮ ይሠራ የነበረው ኬን ታውንሰንድ የዘፋኙን ድምፅ ሁለት ጊዜ ሳያስዘፍን የሚያጠናቅቅ ዘዴ ፈለሰፈ። ዘዴው የተቀረጸውን ድምፅ ወደ ሌላ የቴፕ መቅረጫ ገልብጦ፣ በጥቂቱ ዘግይቶ ከመጀመሪያው ጋር እንዲሰማ የሚያደርግ ነው። ሌነን አንድን መሥመር ደጋግሞ መዝፈን ስለሚሰለቸው ዘዴውን ወደደው። በ«ሪቮልቨር» የመጨረሻ ዘፈን ደግሞ ድምፁ ለሐመንድ ኦርጋን በተሠራ ተሽከርካሪ የድምፅ ማጉያ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጓል። ዛሬ ሰሚው «የሌነን ድምፅ» የሚለው ነገር እንግዲህ በከፊል የሰው ጉሮሮ፣ በከፊልም የማሽን ውጤት ነው። ይህ ነጥብ ወደ በኋላ ለምንመለስበት ክርክር ወሳኝ ነው።

ዘውጉ ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞ ተነሥቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ፔዝሊ አንደርግራውንድ የተባለው እንቅስቃሴ ታየ። በ1985 የእንግሊዙ ኤክስቲሲ ቡድን ዱክስ ኦቭ ስትራቶስፊር በሚል የብዕር ስም፣ የ1960ዎቹን ድምፅ አስመስሎ የሠራውን ሥራ በኤፕሪል 1 ቀን፣ ማለትም በአውሮፓውያን የቀልድ ቀን፣ ለአድማጭ አቀረበ። በ1990ዎቹ ደግሞ ኤለፈንት ሲክስ የተባለው የአሜሪካ ሙዚቀኞች ስብስብ ተከተለ። ስለዚህ በ2012 የነበረው ሐያሲ የሚያውቀው የ1960ዎቹን ሳይኬደሊክ ሙዚቃ ብቻ አልነበረም፤ የዚያን ሙዚቃ ተደጋጋሚ ቅጂዎችም ጭምር ያውቅ ነበር። ድካሙም ከዚህ የመነጨ ነው።

አልበሙ ምን ይዞ መጣ?

ቴም ኢምፓላ በመድረክ ላይ ቡድን ነው፤ በስቱዲዮ ግን በዋናነት የኬቪን ፓርከር ሥራ ነው። በ1986 የተወለደው ፓርከር ያደገው በምዕራብ አውስትራሊያዋ ከተማ በፐርዝ ነው። የመጀመሪያ አልበሙ «ኢነርስፒከር» በ2010 ሲወጣ፣ በጊታር ላይ የተመሠረተና በሳይኬደሊክ ሮክ ጥላ ሥር በግልጽ የሚመደብ ነበር። ፒችፎርክ 8.5 ሰጥቶት ነበር። ሁለተኛው አልበም የሚመዘንበት የመጠበቅ አድማስ በመጀመሪያው ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው።

«ሎነሪዝም» 12 ዘፈኖችን የያዘ ሲሆን ከ50 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አብዛኛው ቀረጻ የተከናወነው በፐርዝና በፓሪስ፣ በፓርከር የግል መኖሪያዎች ውስጥ ነው። ርእሱ ብቸኛ ሰው ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የእምነት ወይም የርእዮት መድረሻ ተጨምሮበት የተሠራ ነው፤ በአማርኛ «ብቸኝነተኝነት» እንደማለት ነው። የሽፋኑ ፎቶግራፍ በፓርከር የተነሣ ሲሆን፣ በፓሪሱ የሉክሰምቡርግ መናፈሻ የተቀመጡ ሰዎችን ከብረት አጥር ወዲህ ሆኖ ያሳያል። ተመልካቹ ከውጭ ነው፤ ማኅበሩ ከውስጥ ነው። የዘፈኖቹ ርእሶችም ሰዎች ለምን እንደማያነጋግሩት የሚጠይቅን፣ ብቻውን ወደ ቤቱ የሚሄድን፣ ወደ ፊት መራመድ የተሳነውን ሰው የሚያመለክቱ ናቸው።

ድምፁን በተመለከተ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ የፓርከር ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ በማስተጋቢያና በማዘግያ ዘዴዎች ተሸፍኖ ከመሣሪያዎቹ በስተ ኋላ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ድራሙ በጥቂት ማይክሮፎኖች ተቀርጾ፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የድምፅ መጠን በሚያቀራርበው ኮምፕረሰር በኃይል ስለተጨመቀ ከሁሉ ፊት ይሰማል። ሦስተኛ፣ ከመጀመሪያው አልበም ይልቅ ሲንተሳይዘር ሰፊ ቦታ ይዟል። የመጀመሪያው ዘፈን በሹክሹክታ የሚደጋገም ሐረግን እንደ ምት ተጠቅሞ ይከፈታል፤ ይህም ድምፅን ቆርጦ የመደጋገም ዘዴ ከ1960ዎቹ የሮክ ቡድን ይልቅ ለኮምፒውተር ዘመን ሙዚቃ የሚቀርብ ነው። «ኪፕ ኦን ላዪንግ» በተሰኘው ዘፈን ረጅሙ የመሣሪያ ክፍል በሰዎች ጭውውትና ሳቅ ይታጀባል፤ አድማጩ ግብዣ ላይ ሆኖ ማንንም የማያናግር ሰው ያህል ይሰማዋል። ባንጻሩ «ኤለፋንት» በከባድ የቤዝ ሐረግ የሚነዳና ከሁሉ ይልቅ ወደ ጥንታዊው ሮክ የሚያዘነብል ነው።

እነዚህን ነገሮች ስናጠቃልል አልበሙ የአንድ ዘመን ቅጂ አይደለም። ድምፃዊው ቀለም ወደ 1966 እና 1967 ያመለክታል። ፓርከር ራሱ በሥራው ላይ ተጽዕኖ ያሳደረበት አድርጎ የጠቀሰው ግን የቶድ ረንድግረንን የ1973 አልበም «ኤ ዊዛርድ፣ ኤ ትሩ ስታር»ን ነው። የሚክሲንግ ሥራው የተከናወነው ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ የፍሌሚንግ ሊፕስንና የመርኩሪ ሬቭን ታዋቂ አልበሞች በሠራው በአሜሪካዊው ዴቭ ፍሪድማን ነው። ቀረጻው በኮምፒውተር የተደረገ ነው። አራት አሥርት ዓመታት በአንድ ሥራ ውስጥ ተደራርበዋል።

ሂሱ የተከተላቸው ሦስት መንገዶች

ሐያስያኑ ይህን ድርርብ ሥራ ለመመዘን የተከተሏቸውን መንገዶች በሦስት መክፈል ይቻላል። አንድ ሂስ ከአንድ በላይ መንገድ ሊከተል ስለሚችል፣ ክፍፍሉ የጸሐፊዎችን ሳይሆን የመከራከሪያዎችን ነው።

የመጀመሪያው መንገድ በመመሳሰል ማድነቅ ነው። አልበሙ ጥሩ የሆነው ቢትልስን፣ ፒንክ ፍሎይድን ወይም ሌላ የተከበረ ቀዳሚን ስለሚያስታውስ ነው የሚል ነው። ይህ ንጽጽር ለአንባቢ ፈጣን ካርታ ይሰጣል፤ ያልተሰማን ድምፅ በሚታወቅ ስም ያስረዳል። ችግሩ መመሳሰል በራሱ ሚዛን አለመሆኑ ነው። ይኸው መመሳሰል አልበሙን ለነቀፉት ጥቂቶችም ዋና ማስረጃ ሆኖ አገልግሏል። አንድ ማስረጃ ለሁለት ተቃራኒ ፍርዶች እኩል የሚያገለግል ከሆነ፣ ፍርዱን የሚሰጠው ሌላ ያልተነገረ መርሕ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በልዩነት ማድነቅ ነው። ይህን የተከተሉ ሐያስያን በሲንተሳይዘሩ፣ በድራሙ አጨማመቅና በድግግሞሽ ዘዴው ላይ አተኩረው፣ ሥራው ከ1960ዎቹ ቴክኒክ ውጭ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ መንገድ ከሦስቱ ይልቅ ትንተናዊ ነው። ሆኖም በአጭር የአልበም ሂስ ውስጥ ለድምፅ ቴክኒክ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል።

ሦስተኛው መንገድ በሰው ማድነቅ ነው፤ ገኖ የወጣውም ይህ ነው። በዚህ አተረጓጎም አልበሙ የአንድ ዓይን አፋር ወጣት የውስጥ ንግግር ነው። በማስተጋቢያ የተሸፈነው ድምፅ ብቸኝነቱን ይወክላል፤ ወደ ኋላ የሚመለከተው ቃና ከአሁኑ ማኅበር መሸሹን ይወክላል። የአልበሙ ርእስ፣ ሽፋኑና የዘፈኖቹ ስሞች ሁሉ ለዚህ አተረጓጎም በር ይከፍታሉ። በቦይም አነጋገር፣ ሐያስያኑ አልበሙን ያለፈውን መልሶ ከሚገነባው ናፍቆት አውጥተው ወደሚያሰላስለው ናፍቆት አዛወሩት። አሮጌው ድምፅ ምስለ ትናንት መሆኑ ቀርቶ የዛሬ ሰው ስሜት ምልክት ሆነ። የሬይኖልድስ ክስም በዚህ መንገድ መልስ አገኘ፤ ድምፁ ከዚህ ቀደም የተሰማ ቢሆንም ሰውዬው ግን አዲስ ነው።

እነዚህ ሦስት መንገዶች ወደ ቁጥር ሲለወጡ ይጠፋሉ። ሜታክሪቲክ እያንዳንዱን ሂስ ከ100 ወደሚታሰብ ነጥብ ቀይሮ ክብደት የተሰጠው አማካይ ያወጣል፤ ከ80 በላይ የሆነ ውጤትም አጠቃላይ አድናቆት የሚል ምድብ ይሰጠዋል። አንዱ ሐያሲ አልበሙ ቢትልስን ስለሚመስል፣ ሌላው ስለማይመስል እኩል 80 ነጥብ ቢሰጡ፣ አማካዩ ስምምነት እንዳለ ያሳያል። 88 የሚለው ቁጥር አልበሙ እንደተወደደ ይነግረናል፤ ለምን እንደተወደደ ግን አይነግረንም። የአቀባበል ጥናት ከቁጥሩ ይልቅ ወደ ሂሶቹ መከራከሪያ መግባት ያለበትም ስለዚህ ነው።

ብቸኛው ሰውና ስማቸው ያልተጠራው

በአገራችን የካሴትና የሲዲ ሽፋኖች ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብርና ሚክሲንግ በየስማቸው ተለያይተው መጻፋቸው የተለመደ ነው። አድማጩ አንድ ዘፈን የብዙ እጆች ሥራ መሆኑን ከሽፋኑ ይረዳል። የ«ሎነሪዝም» አቀባበል ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም የሚጠቀልል ትረካ ገነባ። ፓርከር ግጥሙንና ዜማውን በብዛት የደረሰ፣ መሣሪያዎቹን አብዛኛውን ራሱ የተጫወተና የቀረጸ መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና «አፖካሊፕስ ድሪምስ» እና «ኤለፋንት» የተደረሱት ከጄይ ዋትሰን ጋር ነው። ሚክሲንጉም ከላይ እንደተጠቀሰው የፍሪድማን ነው።

የፍሪድማን ድርሻ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በዚህ ዘውግ ሚክሲንግ ማለት የተጠናቀቀን ሥራ ማስተካከል ብቻ አይደለም፤ የትኛው ድምፅ ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሚሰማ የሚወሰንበት ደረጃ ነው። ሐያስያን የብቸኝነት ምልክት አድርገው የተረጎሙት የድምፃዊው ርቀት እንግዲህ ቢያንስ በከፊል የሁለት ሰዎች የጋራ ውሳኔ ውጤት ነው። ከላይ ያየነው የ1966 የሌነን ድምፅ የጉሮሮና የማሽን፣ የዘፋኝና የቴክኒክ ባለሙያ ድምር እንደነበረ ሁሉ፣ የ2012ቱም እንዲሁ ነው። ሐያስያኑ ሁለቱን ድምፆች ሲያወዳድሩ ያወዳደሩት ሁለት ሰዎችን ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ያወዳደሩት ሁለት የሥራ ሂደቶችን ነበር።

ይህ ማለት የብቸኝነት አተረጓጎም ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የአልበሙ ጭብጥ ብቸኝነት መሆኑ ከሥራው ውስጥ በግልጽ ይታያል። ስሕተቱ ጭብጥን ከአሠራር ጋር ማምታታት ነው። ስለ ብቸኝነት የሚናገር ሥራ ግድ በብቸኝነት የተሠራ መሆን የለበትም፤ በብቸኝነት የተሠራም ግድ ስለ ብቸኝነት አይናገርም።

የ2015 ፈተና

ከላይ የቀረበው መከራከሪያ ትክክል መሆኑን ለመፈተን የሚቀጥለው አልበም ጥሩ አጋጣሚ ይሰጣል። በጁላይ 2015 የወጣው «ከረንትስ» ጊታሩን ወደ ኋላ አድርጎ በሲንተሳይዘር፣ በዳንስ ምትና በአርኤንቢ ቅላጼ ላይ ያተኮረ ነው። ፒችፎርክ 9.3 ሰጠው። በ2016 ደግሞ ድምፃዊቷ ሪሃና የዚህን አልበም የመዝጊያ ዘፈን በራሷ «አንታይ» በተሰኘ አልበም ውስጥ ዘፈነችው፤ ይህም ሥራው ከሮክ አድማጮች ክበብ ርቆ መድረሱን ያሳያል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ትኩረት ይስባሉ። የመጀመሪያው፣ «ከረንትስ»ን ፓርከር ከድርሰት እስከ ሚክሲንግ ብቻውን መሥራቱ ነው። በአሠራር ደረጃ የብቸኛው ሰው አልበም ከሁለቱ ይኸኛው ነው። የብቸኛው ሊቅ ትረካ አጥብቆ የተያያዘው ግን ብቸኝነት በርእሱ ላይ ከተጻፈበት ከቀዳሚው ጋር ነው። ይህም ትረካው ከአሠራሩ ማስረጃ ሳይሆን ከጭብጡ የመነጨ መሆኑን ያጠናክራል።

ሁለተኛው፣ «ከረንትስ»ም ያለፈን የሚጠቅስ መሆኑ ነው። የዲስኮና የአርኤንቢ ድምፆቹ መነሻ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው። ሆኖም በአቀባበሉ ውስጥ ገኖ የወጣው ቃል ወደ ኋላ መመለስ ሳይሆን ወደ ፊት መራመድ ነበር። ሬትሮ የሚለው ቅጽል እንግዲህ ለማንኛውም ያለፈ ዘመን እኩል አይሰጥም። የ1960ዎቹ የጊታር ሙዚቃ በሮክ ሂስ ውስጥ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ከእርሱ የሚወሰድ ነገር ወዲያው ይታወቃል። ከዲስኮ የሚወሰደው ግን ያው ክብር ስላልተሰጠው እንደ ግኝት ይቆጠራል። በያውስ ቋንቋ ለማስቀመጥ፣ በአድማሱና በሥራው መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነው የተጠቀሰው ዘመን ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ሐያሲው ከየትኛው ቤተ መጻሕፍት ተነሥቶ እንደሚያዳምጥም ይወስነዋል።

ማጠቃለያ

የ«ሎነሪዝም» አቀባበል የስኬት ታሪክ ነው፤ ለሂስ ሙያ ግን ያልተከፈለ ዕዳ ጥሎ አልፏል። ሐያስያኑ ያለፈን የሚያስታውስ ሥራ አዲስ ሊሆን እንደሚችል በትክክል ተሰምቷቸዋል። አዲስነቱን ግን በድምፁ አሠራር ውስጥ ከመፈለግ ይልቅ በአንድ ሰው ብቸኝነት ውስጥ አስቀመጡት። ስለዚህም ሥራው በእርግጥ የፈጸመው ነገር፣ ማለትም የ1966ን የድምፅ ቀለም፣ የ1973ን የቅንብር ነፃነት፣ የ1990ዎቹን የሚክሲንግ ስልትና የኮምፒውተርን የመደጋገም ዘዴ አዋሕዶ የትኛውም ዘመን ብቻውን ያልነበረውን ድምፅ መፍጠሩ፣ ከሚገባው ያነሰ ትንተና አገኘ።

ከዚህ በመነሣት የድሮን ስልት የሚጠቅሱ ሥራዎችን ለሚያጠና ተመራማሪ ሦስት ጥያቄዎች ሊጠቅሙ ይችላሉ። ከየትኛው ዘመን በትክክል ምን ተወሰደ? የተወሰደው በየትኛው የዛሬ መሣሪያና በእነማን እጅ ተለወጠ? ፍርዱስ የተሰጠው በየትኛው የመጠበቅ አድማስ ላይ ቆሞ ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ መመሳሰልን ከጅምላ ስም ወደ ዝርዝር ማስረጃ ያወርደዋል። ሁለተኛው ቴክኒኩንና አብረው የሠሩትን ሰዎች ወደ ታሪኩ ይመልሳል። ሦስተኛው ሐያሲውን ራሱን የጥናቱ አካል ያደርገዋል።

«ይህ እገሌን ይመስላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለሂስ መነሻ ሊሆን ይችላል። ፍርድ ለመሆን ግን መመሳሰሉ ምን እንደሠራ ማሳየት ይቀረዋል።